ምዕራፍ ስድስት፦ የቀለሃ አንገት

የካፋ መንግሥት የወደቀበትን ዘመቻ የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ነገሩን በቁጥር ይዘጉታል። በአንድ ወገን ከአድዋ ድል ዓመት ያህል ቆይቶ የተነሳው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ሠራዊት አለ፤ የደጃዝማች ተሰማ ናደውና የጅማው አባ ጅፋር ሰዎች ታክለውበት ጠመንጃው በሺዎች ይቆጠራል። በሌላው ወገን የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ያላቸው ጦርና ጋሻ፣ በድንበሩ ዙሪያ የተቆፈረ ጥልቅ ቦይ፣ በዘበኛ የሚጠበቅ በርና ጥቂት ያረጀ ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ካፋ የወደቀው በጠመንጃ ብዛት ነው ይባላል። ሂሳቡ ስህተት የለበትም፤ የተቆጠረው ዕቃ ግን ተሳስቷል ባይ ነኝ። በ1889 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ማዶ ሁለቱን ወገኖች የለየው ትልቁ ነገር ጠመንጃው ሳይሆን ጠመንጃው የሚጎርሰው፣ ተተኩሶ ሲያበቃ መሬት ላይ የሚወድቀው የነሐስ ቀለሃ ነው። የዚህ ምዕራፍ ሥራ ይህን ማስረዳት ነው። ለማስረዳትም ከጦር ሜዳው ወጥቶ ዛሬ የዒላማ ተኳሾች በየቤታቸው ወደሚሠሩት አንድ ረቂቅ ሥራ፣ የቀለሃን አንገት ወደ መላግ፣ መሄድ ያስፈልጋል። ቀለሃ ምን ያህል አስቸጋሪ ዕቃ እንደሆነ ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ የለምና።

ጠመንጃ ሲተኮስ ባሩዱ በቅጽበት ወደ ትኩስ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም መውጫ ይፈልጋል። ወደ ፊት አረሩ አለ፣ ወደ ኋላ የተኳሹ ፊት። ከአፉ በሚጎረስ ጠመንጃ ኋላው የተደፈነ ስለሆነ ችግሩ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ቀርፋፋነት ነው። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ለመሥራት የተነሱት የአውሮፓ መሐንዲሶች ለብዙ ዓመታት የታገሉት ከጋዙ ጋር ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1866 የታጠቁት ሻስፖ የተባለው ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ ጋዙን የሚያግደው በመቀርቀሪያው ጫፍ ላይ የተገጠመ የላስቲክ ቀለበት ነው። ላስቲኩ በእሳት ይበላል፣ ይሰነጠቃል፣ ጋዙም ያፈተልካል። ስምንት ዓመት ቆይተው በ1874 የወሰዱት እርምጃ ለክርክሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጠመንጃውን አልጣሉትም፤ የወረቀቱን ጥይት በነሐስ ቀለሃ ተክተው ያንኑ ጠመንጃ አስተካከሉት። እኛ ውጅግራ ብለን የምናውቀው ይህ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ውጅግራዎች ቀድሞ ሻስፖ የነበሩ ናቸው፤ አንዱን ካንዱ ዘመን የለየው ቀለሃው ነው።

ነሐሱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው ስለሚለጠጥና ስለሚመለስ ነው። 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ የተቀላቀለው የቀለሃ ነሐስ ጋዙ ሲገፋው ያብጥና ጥይቱ ከሚያርፍበት ጎሬ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በዚያች ቅጽበት ጋዙ ወደ ኋላ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይኖርም። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣና ግፊቱ ሲወርድ ነሐሱ በጥቂቱ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ቀለሃው ሳይነክስ ይወጣል። ይህን ሥራ በመጀመሪያ የሚጀምረው አንገቱ፣ ማለትም አረሩን አቅፎ የያዘው ቀጭን ክፍል ነው። አንገቱ በጊዜ ካላበጠ ጋዙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቀለሃውን በጥላሸት ይለብጠዋል። ሁለተኛው የነሐሱ ውለታ ደግሞ ለካፋ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ባሩዱን፣ አረሩንና የመቀጣጠያዋን ቆብ በአንድ ዕቃ ዘግቶ ከውሃ ይጠብቃል።

የካፋዋን የቦንጋን ሰማይ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ለምን እንደሚበልጥ ወዲያው ይገባዋል። በዚያ አገር ዝናብ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ደረቅ የሚባለው ወቅት እንኳ ጤዛና ጭጋግ አይለየውም። ከአፉ የሚጎረስ ጠመንጃ ባሩዱ በቀንድ ወይም በቆዳ ከረጢት ይያዛል፤ የማቀጣጠያው ባሩድ ለአየር የተጋለጠ ነው፤ እርጥበት የነካው ባሩድ ወይ አይነድም ወይ ጭሶ ይቀራል። ዘመቻው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 መጀመሪያ ነው፤ ታቶ ጋኪ የተያዙት በመስከረም፣ በእኛ አቆጣጠር የ1890 አዲስ ዓመት በገባበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ንጉሡ በጫካ ለጫካ የተሳደዱባቸው የመጨረሻዎቹ ወራት ሙሉ ክረምት ነበሩ። ዘመቻው በበጋ ቢያልቅ ኖሮ የጠመንጃ ዕድሜና ዓይነት ይህን ያህል ባልለየ ይሆናል። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ግን የካፋ ወታደር የያዘው አሮጌ ጠመንጃ ከዱላ ብዙ አይሻልም፤ ውጅግራ ወይም ረሚንግተን የያዘው ግን በጋም ሆነ ክረምት ያው ነው። የአገሩ ደንና ዝናብ ለካፋ ነገሥታት ለዘመናት ምሽግ ሆኗቸው ኖሯል። ቀለሃው ከዚህ ምሽግ ግማሹን፣ ዝናቡን፣ ወሰደባቸው።

ታዲያ ካፋ ቀለሃውን ለምን አልሠራም? ካፋ ውስጥ ብረት የሚያቀልጡና የሚቀጠቅጡ ቀምሞ የተባሉ ባለ እጆች ነበሩ፤ የአገሩን ጦርና ቢላዋ የሚሠሩ እነሱ ናቸው። በመላው ኢትዮጵያ ነሐስ አቅልጦ መስቀልና ጌጥ ማውጣትም የቆየ ጥበብ ነው። ባሩድም ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል በአገር ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። ቀለሃ ግን በማቅለጥ አይሠራም። ከነሐስ ሉህ እንደ ሳንቲም ያለ ክብ ይቆረጣል፣ ክቡ በማተሚያ ተገፍቶ ጽዋ ይሆናል፣ ጽዋው እየጠበቡ በሚሄዱ ቅርጾች ውስጥ ደጋግሞ እየተሳበ ይረዝማል፤ በየመሃሉም በእሳት ይለሰልሳል፤ ምክንያቱም ነሐስ በተገፋ ቁጥር ይጠነክራል፣ ሲጠነክርም ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ቂጡ ወፍራምና ጠንካራ፣ አንገቱ ቀጭንና ለስላሳ መሆን አለበት፤ አንድ ዕቃ በአንድ ጫፉ ሌላ፣ በሌላው ጫፉ ሌላ ጠባይ ይኖረዋል ማለት ነው። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ወደ ላይ ስትስብ እጇ ወደ አንድ ጎን ካደላ የእንስራው ከንፈር በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው እንደሚሳሳ ሁሉ፣ የማተሚያው ዘንግ ከመሃል ዝንፍ ካለ የቀለሃው ግድግዳ በአንድ ወገን ይወፍራል። ይህ ስህተት በዘመናችን ፋብሪካዎችም ፈጽሞ አልጠፋም፤ የዒላማ ተኳሾች በቤታቸው የሚያርሙትም ይህንኑ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። በአሜሪካና በአውሮፓ ቀለሃን መልሰው የሚሞሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከነሱም ጥቂቶቹ እስከ አንገቱ ድረስ ይሄዳሉ። በመጀመሪያ አንገቱ ከውስጥ በልኩ በተሠራ ዘንግ ይሰፋል፤ ዓላማው ውስጡን ፍጹም ክብ አድርጎ ጉብታውን ሁሉ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ከዚያ ቀለሃው በሌላ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይሽከረከራል፣ ስለት ያለው ትንሽ መሣሪያም ከውጭ ያለውን ወፍራም ወገን ይልገዋል። በየከተማችን ያለ የቶርኖ ባለሙያ ሥራውን አይቶ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ የሚያስደንቀው ልኩ ብቻ ነው። የአንገቱ ግድግዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ የሚላገው ከዚያ ላይ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስስ ልጥ ነው። ግድግዳው እኩል ሲሆን አረሩ በቀለሃው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አንገቱም ከሁሉም ወገን እኩል አቅፎ እኩል ይለቀዋል። ይህ በብዙ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ጥይቶችን አንድ ቦታ ለማሳረፍ ይረዳል።

ወሰኑም መታወቅ አለበት። የቀለሃው አካል እንዳለ ወደ አንድ ጎን ከወፈረ አንገቱን ብቻ መላግ ጥምሙን አያቀናውም። ጎሬው ሰፊ በሆነ ተራ የፋብሪካ ጠመንጃ ደግሞ አንገትን አብዝቶ ማሳሳት ጉዳት ነው፤ ነሐሱ በእያንዳንዱ ተኩስ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፣ መልሶ ሲጠብ ይጠነክራል፣ ጥቂት ጊዜ ሄዶም ይሰነጠቃል። በተቃራኒው ጎሬው ጠባብ ሆኖ አንገቱ ወፍራም ከሆነ አንገቱ አረሩን ለመልቀቅ የሚያብጥበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ጠመንጃውም ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ነሐስ ውስጥ ይህ ሁሉ ተወስኗል። በእኔ ግምት ለአዳኝ፣ ያውም በካፋ ጫካ ውስጥ ዓይን ከመቶ ሜትር በላይ ለማያይ አዳኝ፣ የአንገት መላግ የሚያመጣው ጥቅም ጨርሶ አይታይም። እዚህ ያነሳሁት ቀለሃን መልሶ መጠቀም የት ላይ ቀላል እንደነበረና የት ላይ እንደከበደ ስለሚያሳይ ነው።

ቀላል የነበረው በውጅግራ ዘመን ነው። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን 25 ግራም እርሳስ በአምስት ግራም ተኩል በማትሞላ ጥቁር ባሩድ ይገፋል። ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ እርሳሱም ለስላሳ ስለሆነ አንገቱ ትንሽ ቢዛባ እሱ ራሱ ይታዘዝለታል። ስለዚህ ባዶ ቀለሃ መልቀም፣ አረር ማፍሰስና በአገር ባሩድ እንደገና መሙላት በአንድ ቀጥቃጭ ደጃፍ ሊሆን የሚችል ሥራ ነበር፤ ሆኗልም። የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ደካማ ነው፤ ግን ይተኮሳል። ይህ ዘመን የተዘጋው ጭስ አልባ ባሩድ ሲመጣ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ይህ ባሩድ በ1886 ለበን በተባለው ጠመንጃ ተተኮሰ፤ ምንሽርና ሞዘርም ተከትለው መጡ። ግፊቱ ከጥቁሩ ባሩድ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፣ አረሩ ጠንካራ ልባስ አለው፣ ባሩዱም የኬሚስትሪ ፋብሪካ እንጂ የሙቀጫ ሥራ አይደለም። ከዚህ በኋላ አንገቱ ወፍሮ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ሳይለኩ ቀለሃ መሙላት ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ሆነ።

አሁን ወደ ካፋ ስንመለስ የአገሪቱ ችግር በሁለት በኩል የተዘጋ እንደነበር ይታያል። ቀለሃውን መሥራት አይቻልም፤ መግዛትስ? ግዢ መንገድ ይፈልጋል። በ1889 ዓ.ም. ጅማና ሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት፣ ዳውሮና ኮንታ፣ በመጨረሻም ወላይታ፣ ሁሉም ለአፄ ምኒልክ ገብረዋል። የካፋ ነገሥታት የውጭ ነጋዴ ከቦንጋ ገበያ አልፎ ወደ አገሩ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይቆጣጠሩ ነበር፤ ይህ ጥንቃቄ ምስጢራቸውን ለዘመናት ጠብቆላቸዋል። ከቦንጋ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ በሌላ እጅ ከገባ በኋላ ግን ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ቢኖርም በጥይት የሚለውጥ ነጋዴ አይደርስም። በዚህ ሁኔታ አንድ ሺህ ውጅግራ ለታቶ ጋኪ በስጦታ ቢሰጣቸው እንኳ ጥይቱ በጥቂት ውጊያ አልቆ ጠመንጃው ባዶውን በቀረ ነበር።

የቀለሃን ክብደት የሚመሰክረው ሌላው ማስረጃ ገበያ ነው። ከዘመቻው በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ፣ ጥይት ለማርያ ቴሬዛ ብር መዘርዘሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የውጅግራ ጥይት በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ ነበር። ከሱ በፊትና ከሱ ጋር የነበረው መዘርዘሪያ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከአፋር ምድር እየራቀ በሄደ ቁጥር ይወደዳል፤ ቦንጋ ሲደርስ ውድ ነው፣ ግን እርጥበት ይበላዋል፤ ሰዎች ከምድጃ በላይ ሰቅለው በጭስ ያደርቁት ነበር። ነሐስ አይሟሟም። ጥይት እንደ ገንዘብ ሲያዝ ዋጋውን የሚጠብቀው ባሩዱ ስለሚነድ ብቻ ሳይሆን ቀለሃው ባሩዱን ዓመት ከዓመት ስለሚጠብቅለት ነው። የዚህ ገንዘብ ሌላው ገጽ መራራ ነው፤ መታለፍም የለበትም። በ1890 ዓ.ም. ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በካፋ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየው ሰው የጎደለበት፣ የተቃጠለና አጥንት የተበተነበት አገር ነው። በተከታዮቹ አሥርተ ዓመታት በዚያ ምድር ሰው ራሱ በጠመንጃና በጥይት የሚለወጥ ሸቀጥ ሆነ። የካፋን ታሪክ በቁጥር ብቻ የሚተርክ ሰው ይህን ሊያልፍ ይችላል፤ ጥይትን እንደ ዕቃ የተከታተለ ግን ማለፍ አይችልም፤ ጥይቱ ያን ገበያ ረግጦ ነው የሄደው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ ዘመቻው ስምንት ወር የፈጀው ካፋ በጦርና በቦይ ስለተከላከለ ነው፤ የወደቀውም በተኩስ ሳይሆን እህሉ ስለተቃጠለ፣ ሕዝቡ ስለተራበና ንጉሡ ብቻቸውን ስለቀሩ ነው፤ ቀለሃ እዚህ ምን አገባው? የተባለው እውነት ነው፤ ግን እኔን አይቃወመኝም። አገር አቃጥሎ ስምንት ወር በሰው ምድር ላይ ለመክረም በትናንሽ ጓድ ተበታትኖ መስፈር ያስፈልጋል። በጦር የታጠቀ ሠራዊት በማያውቀው ጫካ እንዲህ ቢበታተን ሌሊት ይለቀማል። ትንሿን ጓድ በዝናብ ውስጥ እንኳ የማትደፈር ያደረጋት ፈጥኖ የሚጎርስና የማይረጥብ ጥይት ነው። ረሃቡን ያመጣው ሰፈራው ነው፤ ሰፈራውን ያስቻለው ጥይቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። አፄ ምኒልክም ቀለሃ ከውጭ አስመጡ እንጂ አልሠሩም፤ ታዲያ ልዩነቱ በቀለሃ ሳይሆን በወደብ ነው፣ ማለትም በዲፕሎማሲ ነው የሚል። ትክክል ነው፤ ቀለሃ ኃይል የሆነው መንገዱን ለያዘ ነው። ግን ይህ ተቃውሞ እስከ መጨረሻው ሲኬድ ክርክሬን ያጠናክረዋል፤ ምክንያቱም አርባ ዓመት ሳይሞላ መንገዱ በአዲስ አበባም ላይ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1930 ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የጦር መሣሪያ ውል ፈረመች፤ መንግሥት መሣሪያ የማስገባት መብቱ በወረቀት ታወቀለት። በ1935 የኢጣሊያ ወረራ ሲመጣ ግን አገሮች በመሣሪያ ሽያጭ ላይ የጣሉት ክልከላ ኢትዮጵያን ክፉኛ ጎዳ፤ ኢጣሊያ መሣሪያውን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበርና። የኢትዮጵያ ወታደር ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ ቤልጅግና ሌላም ሌላም ይዞ ወጣ፤ ያንዱ ጥይት ላንዱ አይሆንም፤ ለእያንዳንዱም በቂ የለም። በአርበኝነቱ ዘመን የውስጥ አርበኞች ከከተማ በድብቅ ሲያወጡ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ ጥይት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ካፋ በ1889 ዓ.ም. የደረሰባት እጦት በ1928 ዓ.ም. ለመላ አገሪቱ ደረሰ፤ በ1928 ደግሞ ጥይቱ የጭስ አልባ ባሩድ ጥይት ስለሆነ በቀጥቃጭ ደጃፍ የሚሞላ አልነበረም።

ዛሬ በካፋ ዞን ቀለሃን መልሶ የመሙላት ጥያቄ በተግባር የለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያንም ጥይትንም በፈቃድ ሥር አድርጓል። በአገሪቱ የተስፋፋው የክላሽንኮቭ ጥይትም ቀለሃው በአብዛኛው ነሐስ ሳይሆን ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ እንደ ነሐስ አይለጠጥም አይመለስም፤ አንድ ጊዜ ተተኩሶ የሚጣል ነው፤ አንገቱን ልጎ መልሶ ለመሙላት የሚነሳ ሰው የለም። ስለዚህ የቀለሃ እውቀት አሁን የሚጠቅመው ለታሪክ ምርምር ነው፤ ለዚያ ግን በጣም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ ሊትል ቢግ ሆርን የተደረገው ጦርነት ለመቶ ዓመት ሲያከራክር ኖሮ፣ በ1983 የተነሳ የሣር እሳት ሜዳውን ካጋለጠው በኋላ አርኪዮሎጂስቶች በቀጣዩ ዓመት ቀለሃዎቹን በብረት መፈለጊያ ለቅመው የእያንዳንዱን ጠመንጃ እንቅስቃሴ በካርታ ላይ አወጡ። የመቀጣጠያዋ ቆብ ላይ የመርፌው ምት፣ ቂጡ ላይ የፋብሪካው ማኅተም ይነበባልና።

ከቦንጋ ብዙ በማይርቀው፣ የካፋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረው በአንድራቻ ዙሪያና በጎጀብ መሻገሪያዎች እንዲህ ያለ ጥናት ቢደረግ እዚህ የቀረበው ክርክር ሊፈተን ይችላል፤ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ በደጃፉ ያለ ሥራ ነው። የሚጠበቀውን አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ቀለሃ ያን ያህል ውድ ከነበረ ወታደሩ ደህናውን ለቅሞ ይዞ ሄዷል፤ ስለዚህ በውጊያ ቦታዎች የሚገኙት ጥቂት መሆን አለባቸው፤ ከነሱም የሚበዙት አንገታቸው የተሰነጠቀ፣ መልሶ ለመሙላት የማይሆኑ ይሆናሉ። በአሮጌ የገበያና የሰፈራ ቦታዎች የሚገኙት ደግሞ አንገታቸው ደህና፣ ውስጣቸው በተደጋጋሚ የጥቁር ባሩድ ቃጠሎ የተበላ፣ ቂጣቸው ላይ የቆብ መለወጫ ጭረት ያለባቸው መሆን አለባቸው። ሜዳው ላይ አንገታቸው ያልተሰነጠቀ ቀለሃዎች በብዛት ተበትነው ከተገኙ ግን የዘመቻው ሠራዊት ጥይት ተርፎት ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀለሃ ብርቅ ነበር የሚለው የክርክሬ ክፍል መታረም አለበት።